ሰኞና ሐሙስ ማታ የአሸዋ ኳስ፦ ሐይቅ ከተማ ስላለች አንዲት ኳስ ቤት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ኳስ የሚያሳይ ቤት አይቸግርም። ቅዳሜና እሁድ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ቻምፒየንስ ሊግ ነው። ሰኞ ቤቶቹ ጭር ይላሉ። ሐሙስም ኢሮፓ ሊግ ያን ያህል ሰው አይጠራም። ከዋናው አስፋልት ወደ ሐይቁ በሚያስገባው መንገድ ላይ ያለችው፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት ቤት ግን በነዚህ ሁለት ምሽቶች ሌላ ነገር ጀምራለች። የአፍሪካ የባህር ዳርቻ እግር ኳስ ዋንጫን ታሳያለች። በባዶ እግር፣ አሸዋ ላይ የሚጫወቱትን። ልጆቹ የአሸዋ ኳስ ይሉታል፤ እኔም እንደዛው ልበለው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሂዱና እዩ። መግቢያው 20 ብር ነው። በዚህ ዘመን 20 ብር ለአንድ ሰዓት ደስታ ብዙ አይደለም።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ኳስ በሙያዬም በፍቅሬም አያለሁ። ግን ሴት ሆኖ ማታ ኳስ ቤት መግባት በየቦታው እኩል አይመችም። አንዳንዱ ቤት ጭሱ አያስገባም፣ አንዳንዱ ስድቡ አያስቀምጥም። እዚህኛው ቤት መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ደጃፉ ላይ ቆም ብዬ ወደ ውስጥ ሳይ ባለቤቱ ከትኬቱ ጠረጴዛ ተነሳ። «ቲቸር፣ አብሽሪ፣ ግቢ» አለኝ። «እዚህ ቤት ማንም ክፉ አያናግርሽም።» ቃሉን ጠብቋል። ሲጋራ በር ላይ ይጠፋል። የሚሳደብ ልጅ ካለ አንዴ ይመከራል፣ ሁለተኛ 20 ብሩን ተቀብሎ ይወጣል። አሁን ከተማሪዎቼ መካከል ሴቶቹም ከታላላቅ ወንድሞቻቸው ጋር ይመጣሉ። ከፊት ያለውን አግዳሚ ለነሱ ይለቅላቸዋል።

ጨዋታው የሚጀምረው ከምሽቱ 2፡00 ሰዓት ነው። ሰዓቱ የታሰበበት ነው፤ የዒሻ ሶላት ያለበት ሰግዶ ይደርሳል። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። በጠመኔ «ዛሬ 2፡00፣ ሴኔጋል ከሞሪታንያ፣ አሸዋ» ተብሎ ይጻፋል። ቀጥታ ስርጭት እንዳይመስላችሁ። የባለቤቱ የእህት ልጅ ደሴ ውስጥ ፊልምና ሙዚቃ ፍላሽ ላይ እየጫነ ነው የሚኖረው። ያለፉትን ውድድሮች ከኢንተርኔት ያወርድና በሚኒባስ ይልካል። ደሴ ከኛ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጠዋት የተላከ ፍላሽ ከምሳ በፊት እጃችን ይገባል። ውጤቱን ቀድሞ ያወቀ ሰው እንዳይናገር ባለቤቱ በር ላይ ያስጠነቅቃል። ይሄንን ወድጄለታለሁ።

የጨዋታው ርዝመት ራሱ ለኳስ ቤት የተሰራ ይመስላል። ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ። ጎል ሲገባ፣ ቅጣት ምት ሲሰጥ ሰዓቱ ይቆማል። በየመሀሉ 3 ደቂቃ እረፍት አለ። ባለቤቱ እረፍቱ ላይ ፍላሹን ያቆምና ሻይ ያዞራል። የሻዩ ጉዳይ ለብቻው ይነሳ ከተባለ ጦስኝ ያለው ነው፣ ብርጭቆው ንጹህ ነው፣ 15 ብር ነው። ለውዝም አለ። ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ 3፡15 ላይ ሰው ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ኳሱ። አሸዋ ላይ ኳስ አይንከባለልም። ይሄንን አንዴ የተረዳ ሰው ጨዋታውን በሙሉ ይረዳል። መሬት ለመሬት ፓስ የሰጠ ተጫዋች ኳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርበታል፣ ወይ አንድ ጉድጓድ ትመታና አቅጣጫዋን ትቀይራለች። ስለዚህ ሁሉም ኳሷን በእግሩ ጫፍ ጭልፍ አድርጎ አየር ላይ ያነሳታል። ፓሱ በአየር ነው፣ ቁጥጥሩ በደረትና በጭን ነው፣ ምቱ ብዙውን ጊዜ ሳታርፍ ነው። ሜዳ ላይ በዓመት አንዴ አይተን የምናጨበጭብለት፣ አየር ላይ ተገልብጦ የሚመታው የመቀስ ምት እዚህ በየጨዋታው አለ። ወድቀው የማይሰበሩት የሚወድቁት አሸዋ ላይ ስለሆነ ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት መጀመሪያ ቀን በእያንዳንዱ መቀስ «ወገቡን! ወገቡን!» እያሉ ይጮሁ ነበር። አሁን እሳቸውም ለምደው ከመመታቱ በፊት ነው የሚነሱት።

ሩጫው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክረምት ላይ የታረሰ ማሳ ውስጥ እንደመሮጥ ነው። ለዚህ ነው ቅያሪው ያለገደብ የሆነው። ሜዳ ላይ የሚቆሙት ከነግብ ጠባቂው አምስት ናቸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሮጦ የተነፈሰው ይወጣል፣ ያረፈው ይገባል፣ እንደገና ይመለሳል። ሜዳው ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከ35 እስከ 37 ሜትር፣ ስፋቱ ከ26 እስከ 28 ሜትር። የግቡ ስፋት ግን 5 ሜትር ተኩል ነው። ሜዳ አጭር፣ ግብ ሰፊ ሲሆን ከየትም ይመታል። ግብ ጠባቂው ራሱ ይመታል። ዞር ብላችሁ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ስታናግሩ አንድ ጎል ያመልጣችኋል።

መስመር በኖራ አይሰመርም፤ አሸዋ ላይ ኖራ አይቆይም። ዙሪያው ላይ ጠፍር ይዘረጋል። የመሀል ሜዳውና የቅጣት ክልሉ ሜዳው ውስጥ አይታዩም፤ ዳር ላይ በተተከሉ ባንዲራዎች ነው የሚታወቁት። ቀዩ መሀል ሜዳውን ያሳያል፣ ቢጫው የቅጣት ክልሉን። ይሄንን ለማያውቅ ሰው ዳኛው በዘፈቀደ የሚነፋ ይመስለዋል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ለተማሪዎቼ እየነገርኩ ከኋላ ያለው ሁሉ ጆሮውን ይሰጠኝ ጀመር። አሁን ባለቤቱ ከጨዋታው በፊት ሁለት ደቂቃ ይሰጠኛል። ቆሜ አስረዳለሁ። ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች አይመለስም፣ ቡድኑ ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ያስገባል። የእጅ ውርወራም ይሁን ከግብ የሚነሳ ኳስ በ4 ሰከንድ ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሰዓት መግደል የለም። እኩል ለእኩል የሚባልም የለም። 36ቱ ደቂቃ ካልለየ 3 ደቂቃ ይጨመራል፣ ካልለየ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። የምድብ ጨዋታ ነጥብም በዚያው ልክ ነው። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ በጭማሪው ያሸነፈ 2፣ በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈ 1 ይይዛል።

ከሁሉም ልቤን የሚይዘው ቅጣት ምት ነው። ልጁ ኳሷን ያስቀምጥና ይንበረከካል። በሁለት መዳፉ አሸዋውን ከግራ ከቀኝ ይሰበስባል። ትንሽ ጉብታ ይሰራል፣ በጣቱ አናቷን ጎድጎድ ያደርጋል፣ ኳሷን እዚያ ላይ ያቆማታል። ሸርተት ካለች እንደገና ያስተካክላል። ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ይነሳል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በባዶ እግሩ ይመታታል። ኳሷ ከመሬት ከፍ ብላ ስለቆመች ከስሯ ይገባላታል። ግብ ጠባቂው ካዳናት ደግሞ ያው ጭብጨባ ነው።

ስለ ውድድሩ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቤቱ የሚያሳየው ያለቅደም ተከተል ስለሆነ ሰው ይደናገራል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የተጀመረው በ2006 ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ካሜሩን ወሰደች። ናይጄሪያ በ2007ና በ2009 አሸነፈች። በ2015 ሲሸልስ ላይ ማዳጋስካር ሁሉንም አስገርማ ዋንጫ አነሳች። ከዚያ ወዲህ ያለው የሴኔጋል ታሪክ ነው። በ2016 ሌጎስ፣ በ2018 ሻርም ኤል ሼክ፣ በ2021 ሳሊ በራሷ ሜዳ፣ በ2022 ቪላንኩሎስ ሞዛምቢክ፣ በ2024 ሁርጋዳ ግብጽ። አምስቱንም በተከታታይ። ከ2008፣ ከ2011ና ከ2013ቱ ጋር ሲደመር ስምንት ዋንጫ ነው።

ሴኔጋል ለምን እንዲህ ሆነች? እኔ የማየው ግብ ጠባቂዋን ነው። አል ሰይኒ ንዲያዬ ለዓመታት ያንን ግብ ጠብቋል። ሲያድን ብቻ ሳይሆን ሲጀምር እዩት። ኳሷን ይዞ ቀና ይላል፣ የትኛው ጓደኛው ነጻ እንደሆነ ያያል፣ በእጁ እስከ ማዶ ይወረውርለታል። አጥቂው ደረቱ ላይ አብርዶ ይመታል። ሦስት ሰከንድ ነው። ክንፍ ላይ ደግሞ ራውል ሜንዲን እዩት። አሸዋ ላይ ሰው እንዲያ ሲታጠፍ ሌላ ቦታ አላየሁም። በ2021 ሞስኮ ላይ በዓለም ዋንጫው እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄደው አራተኛ የወጡት በዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው።

ግን ቤታችንን ያናወጠችው ሴኔጋል አይደለችም። ሞሪታንያ ናት። ሁርጋዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ፍጻሜ ደረሰች። ዋንጫውን ሴኔጋል ወሰደች፣ ሞሪታንያ ግን በ2025 ሲሸልስ ላይ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ቲኬቷን ይዛ ወጣች። በዚህ ውድድር ፍጻሜ መድረስ ማለት ያ ነው። የሲሸልሱ ደግሞ በአፍሪካ ምድር የተደረገ የመጀመሪያው የባህር ዳርቻ እግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ነው፤ ብራዚል አሸነፈች። ፍላሹ ላይ የሞሪታንያ ጨዋታዎች ሲመጡ ቦታ ለማግኘት ቀደም ብላችሁ ሂዱ። አግዳሚ ሞልቶ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየበት ምሽት ነበር።

ከቤቱ ሰው አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «እኛ ባሕር የለንም፣ ይሄ ለኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት አገሮች እዚያው ፍላሽ ላይ አሉ። ኡጋንዳ ባሕር የላትም። በ2021ም በ2022ም ግን አሸዋው ላይ ነበረች። ማላዊም ባሕር የላትም። በ2022ም በ2024ም ገብታለች። ያላቸው ሐይቅ ነው። ኡጋንዳ ቪክቶሪያ፣ ማላዊ የራሷ ማላዊ ሐይቅ። ስለዚህ ማላዊ ስትጫወት የገባ ሰው ጠላትም ወዳጅም የለውም፣ ቤቱ በሙሉ የማላዊ ደጋፊ ነው። ይሄንን ስሜት ለእንግሊዝ ክለብ ስናጨበጭብ አላየሁትም። እዚያ የምንደግፈው የማንደርስበትን ነው። እዚህ የምናየው ልጅ ባዶ እግሩን ነው፣ እኛም ባዶ እግር አለን።

የኛ ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳርቻው ግን አሸዋ አይደለም፤ ሳርና ሸንበቆ ይበዛዋል፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ያለው ዳርቻ የጸሎት ስፍራ ስለሆነ ጭራሽ አይታሰብም። ግን አሸዋ ይመጣል። ከተማሪዎቼ ጋር ሰሌዳ ላይ አስልተነዋል። 36 በ27 ሜትር ሜዳ ስፋቱ 972 ካሬ ሜትር ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ጥልቀት ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። 389 ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ይሆናል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል 25 ጉዞ ገደማ ነው። ብዙ ብር ነው፣ አልዋሽም። ግን አንድ ባለሦስት ፎቅ ቤት የሚበላውን አሸዋ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። ሣር መትከል የለም፣ ውሃ ማጠጣት የለም፣ ታኬታ መግዛት የለም። ሐይቁ ዳር ሎጅ ያላቸው ሰዎች ይሄንን ቢያስቡበት ቅዳሜና እሁድ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጣው እንግዳ ዓሣ በልቶ ብቻ አይመለስም ነበር።

እስከዚያው ልጆቹ አልጠበቁም። ትምህርት ቤታችን የርዝመት ዝላይ ጉድጓድ አለው፤ አሸዋ የተሞላ። አርብ ጠዋት ስገባ ጫማቸውን ዳር ላይ ደርድረው እዚያ ውስጥ ናቸው። አንዱ በእጁ ይወረውራል፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ በመቀስ ይመታል። የዘጠነኛ ክፍሏ ተማሪዬ ኳሷን በእግሯ ጫፍ ከአሸዋው አውጥታ ጭኗ ላይ ታሳርፍና ሳትወድቅ ትመታታለች። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት «ሴኔጋሎቹ» አለችኝ። ለዚህ ነው ይሄንን ኳስ ቤት ከሌሎቹ የማስበልጠው። ሌሎቹ ሲያልቅ ሲያልቅ የሚያወያዩን ስለ ዝውውር ዋጋ ነው። ከዚህኛው የወጣ ልጅ በማግስቱ ይሞክረዋል።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ካልተናገርኩ ምክሬ ጎዶሎ ነው። አንደኛ ምስሉ። ፕሮጀክተሩ ስዕሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ተጫዋቹ ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይታያል። የሪሞት አንድ ቁልፍ የሚያስተካክለው ነገር ነው፣ ግን እስካሁን እንዳለ ነው። ኳሷ ከአሸዋው ጋር ስትመሳሰል ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ትጠፋለች። ሁለተኛ ድምፁ። ስፒከሩ ያንጫርራል። አስተያየት ሰጪው አንዳንዴ ዓረብኛ፣ አንዳንዴ ፈረንሳይኛ ነው፤ ዓረብኛውን ቁርዓን የቀሩት ሽማግሌዎች በጥቂቱ ይተረጉሙልናል፣ ፈረንሳይኛው ሲመጣ ድምፁን መቀነስ ይሻላል።

ሦስተኛው ግን የምር አስቆጥቶኛል። የ2022ቱን የሴኔጋልና የግብጽ ፍጻሜ ያሳየን ምሽት ነው። እኩል ለእኩል ሆኑ። ጭማሪው አለቀ። ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄዱ ምስሉ ቆመ። ፋይሉ እዚያ ላይ ተቆርጧል። ሰው ተነስቶ ጮኸ። ባለቤቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ውጤት እንዳይነገር ሲከላከል ቆይቶ በመጨረሻ ራሱ ቆሞ «ሴኔጋል ናት» ብሎ ነገረን። ይሄ ልክ አይደለም። ለሰው ከማሳየት በፊት ፋይሉን እስከ መጨረሻው ማየት ግድ ነው። ጥሩነቱ አላጉረመረመም፤ ለሁላችንም የሚቀጥለውን ሐሙስ በነጻ አስገባን። ፍጹም ቅጣት ምቶቹ ተለይተው ከደሴ እንዲመጡ አደረገ፣ ከጨዋታው በፊት አሳየን። ንዲያዬ ግብ ላይ ሲቆም ውጤቱን እያወቅን እንኳ ትንፋሻችንን ይዘን ነው ያየነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ ለማስነሳት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ንጹህ ነው፣ የእጅ ባትሪ ያዙ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በሩ ክፍት ስለሚሆን ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ጃኬት ያስፈልጋል። ከጨዋታው በኋላ ባጃጅ በር ላይ ይጠብቃል፣ ባለቤቱ ሴቶች ተሳፍረው ሳይሄዱ በሩን አይዘጋም።

ምን ልጠይቅ ለምትሉ፦ ባለቤቱ ምርጫ ይቀበላል፣ ከአንድ ቀን በፊት ብቻ ንገሩት። ለጀማሪ የ2024ቱን የሞሪታንያ ጨዋታዎች እመክራለሁ። መቀስ ለሚወድ የ2021ዱን የሴኔጋልና የሞዛምቢክ ፍጻሜ። ልጅ ይዞ ለሚሄድ የማላዊን ማንኛውንም ጨዋታ። በሚቀጥለው ሰኞ የተያዘው የኡጋንዳ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። በ1፡45 ድረሱ፣ ከፊት ያለው አግዳሚ ለሴት ተማሪዎቹ የተያዘ ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ቦታ ያዙ።